ማግኔት ያልያዘው በር

ባለቤቴ ምሕረት ካረፈች ሰባት ወሯ ነው።

በከተማችን ለሽያጭ የሚቀርብ ያገለገለ መኪና ሁሉ ያልተነካ ነው። መንገድ ላይ በየቀኑ ሲላተሙ የምታዩአቸው የት እንደሚገቡ እንጃ፤ ምናልባት ንስሐ ገብተው ይሆናል። ሻጩ ይምላል፣ ደላላው ይምላል፣ ገዢው ደግሞ ሁለቱንም በትዕግሥት ሰምቶ ሲያበቃ ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ያወጣል። ማግኔት ቆርቆሮ ላይ ይጣበቃል፤ የተላተመውን ለመሙላት ተለስኖ ከቀለም ሥር በተደበቀ ስቱኮ ላይ ግን አይጣበቅም። መሐላ የማይጣበቅበት ነገር የለም።

እኔም ሻጭ ሆንኩ። መንጃ ፈቃድ የለኝም፤ የምትነዳው ምሕረት ነበረች። ጌጃ ሰፈር ያለው ግቢያችን ጠባብ በመሆኑ በወጣሁ በገባሁ ቁጥር መኪናዋን ታክኬ ማለፍ ነበረብኝ። ከዓይኔ እንድትርቅልኝ ፈለግሁ።

ደላላው ገና ሳያያት «ሴት የያዘቻት» ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። ይህ በደላሎች ዘንድ ትልቅ ማዕረግ ነው፤ ከዚህ በላይ ያለው «ዶክተር የያዛት» ብቻ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ገዢ ከደላላው ጋር መጣ። ገዢው ጋሽ ደምሴ የሚባሉ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የመኪና ቦዲ የሚሠሩ ሰው ይዞ ነበር። ጋሽ ደምሴ ለእኔ ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት ኮፈኑን በጣታቸው አንኳኩ።

«ተነክታለች?» አሉኝ።

«አልተነካችም። ባለቤቴ ስድስት ዓመት ስትነዳት አንድም ቀን አልተጋጨችም። በነፍሷ እምላለሁ።»

ምሕረት በየሳምንቱ የምትነግረኝ ይህንኑ ነበር። እንግዲህ በዚህች ከተማ ከሚምሉ ሻጮች መካከል የሚለውን ያመነ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ማግኔቱ የኋላው በር ላይ ሲደርስ ወደቀ። ጋሽ ደምሴ አንስተው ደገሙት። ወደቀ።

«ልጄ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «ስቱኮው ወፍራም ነው። የሠራው ሰው ግን ጎበዝ ነው።»

ገዢው በሟች ነፍስ በሐሰት የሚምል ሰው የሚታይበትን አስተያየት አየኝና ወጣ። ደላላው ሊከተለው ሲል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «አንተ ደግሞ፣ በራስህ ነፍስ አትምልም ነበር?» አለኝ።

አምስት ዓመት የሞላት ልጃችን ናርዶስ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ስትሰማ ነበር።

«አባዬ፣ ምሰሶው እኮ ነው» አለችኝ። «አንተ ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄደህ፣ እኛ ወደ ኋላ ስንሄድ መጣብን። እማዬ ለአባዬ እንዳትነግሪ ብላ ብስኩት ገዛችልኝ።»

ሰባት ወር ሙሉ ስለ ምሕረት አዲስ ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ያለኝ ሁሉ ያው ያለኝ ነበር።

ወዲያው ደላላው ደወለ፤ ማግኔት የሌለው ገዢ አግኝቷል። አትሸጥም አልኩት።

«ያቺ ስቱኮ?»

«ያቺው።»

ከዚያ ናርዶስ አጠገብ ደረጃው ላይ ተቀምጬ፣ ሌላስ የደበቃችሁኝ ምን አለ ብዬ ጠየቅኋት። አሰብ አደረገችና ያለ ብስኩት እንደማትናገር ነገረችኝ።

ሱቁ ሳይዘጋ ሄጄ ገዛሁ።