የከድጃ ቁርጥራጭ ጨርቆች

እንጀራ የሚለምን ሰው ደጃችሁ ቢመጣ ምን ታደርጋላችሁ? ወይ ትሰጡታላችሁ፣ ወይ «እግዜር ይስጥህ» ብላችሁ ትሸኙታላችሁ። ጨርቅ የሚለምን ቢመጣስ? ያውም ከለበሳችሁት ቀሚስ የተረፈች፣ መዳፍ የምታህል ቁራጭ? እኔ በሩን ዘጋ አድርጌ መጀመሪያ አስባለሁ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የተባለው በከንቱ አይደለም።

ይህ ጠባይ የያዘኝ አዋሽ ሳለሁ ነው። ባለቤቴ ባቡር ጣቢያው ውስጥ ይሠራ ስለነበር የምንኖረው ከሐዲዱ አጠገብ በተደረደሩት የሠራተኛ ቤቶች ነበር። ጊዜው የጃንሆይ ጊዜ ነው። ከወንዙ ወረድ ብሎ የጥጥ እርሻ ሲከፈት አገር ምድሩ ወደኛ ጎረፈ። ሹፌሩ፣ ነጋዴው፣ ጥጥ ለቃሚው፣ ፈረንጁ ሳይቀር። ማን ምን ሠርቶ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። የማይታወቅ ሰው ሲበዛ ደግሞ ወሬው ይበዛል።

ከድጃ የመጣችው ያኔ ነው። የወሎ ሴት ናት። ባሏ ሞቶባት እርሻው ውስጥ አንዲት የፈረንጅ ሚስት ቤት ስትሠራ ቆየች። አሠሪዎቿ አገራቸው ሲገቡ እሷ ወደ ከተማው ወጣችና ከባለሱቁ ከሐጂ ሙሳ አንድ ክፍል ተከራይታ ሻይ ቤት ከፈተች። ሻይዋ ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም። ቅርንፉድ አትሰስትም። እስከዚህ ምን ጥፋት አለ? ምንም።

ጣጣው ጨርቁ ነው። ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤቷ ጭር ሲል በየቤቱ ትዞራለች። አንድ ቀን እኔም ዘንድ መጣች።

«እትዬ አስካለ፣ ከልብስ የተረፈች ቁራጭ ትኖርዎት ይሆን?»

ደህና ቀይ ቁራጭ አውጥቼ ሰጠኋት። አገላበጠችው። ወደ ፀሐይ አድርጋ አየችው። ከዚያ መለሰችልኝ።

«ይቺ ትጮኻለች። ከሰማያዊዎቹ ጋር አትስማማልኝም። ቡናማ ቢኖርዎት ነበር።»

እስቲ ፍረዱኝ፤ የሚያማርጥ ለማኝ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የጠረጠርኳት ያን ጊዜ ነው። ቡናማውን ግን ሰጠኋት። ሰው ፊት ለፊት ሲቆም እምቢ ማለት ይከብዳል፤ ከሄደ በኋላ ማማት ነው የሚቀለው።

ወዲያው ጎረቤቴ በላይነሽ ቤት ሄድኩ። በላይነሽ የትኬት ቆራጩ የአቶ ግርማ ሚስት ናት። በጥርጣሬ ነገር እኔ ተማሪዋ ነኝ ብል ማጋነን አይሆንም፤ ወተት ገዝታ እንኳ ላሟን ሳታይ አትጠጣም። እሷም ከልጇ ቀሚስ የተረፈ ሰማያዊ ሰጥታት ኖሯል። ምን ልትሠራበት ነው ብላ ስትጠይቃት «ብርድ ልብስ» ብላታለች።

ብርድ ልብስ! አዋሽ ላይ! ዶሮ እንኳ አፏን ከፍታ በምትውልበት አገር?

በላይነሽ አላስቻላትም። ከድጃ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ጠብቃ በመስኮት አየች። ነገሩን ስትነግረኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው። ጨርቆቹ በአራት ማዕዘን እየተሰፉ ግድግዳው ላይ ተሰክተዋል አለች። አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። አንዱ ኮከብ፣ አንዱ ቤት፣ አንዱ የሚበሩ ወፎች፣ አንዱ እባብ የሚመስል ጠመዝማዛ መንገድ። «ጠልሰም ነው» አለች። «እያንዳንዱ ለአንድ ሰው ነው።»

ከአፍ የወጣ ወሬ ማን ይመልሰዋል? እኛ ክርስቲያኖቹ ስለ ኮከቡ ሰምተን የእስላም ድግምት ነው አልን። የሐጂ ሙሳ ቤት ሴቶች ደግሞ ከመሐል መስቀል የመሰለች አግኝተው «ፈረንጅ ቤት ሃይማኖቷን ጥላ መጥታለች» አሉ። በሃይማኖት ተለያይተን በከድጃ ተስማማን። ሻይ ቤቷ ባዶ ሆነ። ቅርንፉዱ ሲሸት እያለፍን አፍንጫችንን እንይዝ ነበር።

በዚህ መሐል የበላይነሽ ልጅ በትኩሳት ወደቀች። ወባ ናት፤ አዋሽ ወባ ምን ብርቅ ነው? በላይነሽ ግን «በልጄ ጨርቅ ነው ያሰረችብኝ» ብላ መንደሩን አናወጠችው። ሐጂ ሙሳም መሐል ቤት ተጨነቁና ከድጃን ጠሯት። «ልጄ፣ ወይ ጨርቁን አምጥተሽ ለሰው ሁሉ አሳዪ፣ ወይ ክፍሌን ልቀቂልኝ» አሏት።

እሑድ ከሰዓት ከጣቢያው ጀርባ ግራሩ ሥር ተሰበሰብን። ሴቶቹም መጣን፤ ባሎቻችንም እየተጎተቱ መጡ። ከድጃ ሰሌን አነጠፈችና ጨርቁን ዘረጋችው።

ምን ልበላችሁ? ያምራል። ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ቡናማ፣ እንደገና ሰማያዊ። ቅርጹ ሁሉ ለየቅል ነው፤ ቀለሙ ግን እንደ ወንድማማች ይጠራራል። የኔ ቡናማ የአንዲቷ ቤት ጣሪያ ሆና አየኋት። ቀዩ ቢገባ ኖሮ በእርግጥ ይጮህ ነበር።

«ማሳያ ነው» አለች ከድጃ። «እመቤቴ ናት ያስተማረችኝ። በያይነቱ አንድ አንድ ይሰፋል። እርሻው ውስጥ ያሉት የፈረንጅ ሚስቶች አይተው፣ ይሄኛውን ስፊልን፣ ያኛውን ስፊልን እንዲሉኝ ነው። አገራቸው ብርድ ነው። ወላሂ ሌላ ነገር የለውም።»

ሐጂ ሙሳ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ሊነሡ ሲሉ በላይነሽ «የልጄን ጨርቅ ፍቺልኝ» አለች። ከድጃ አየቻት። መቀሷን አውጥታ ኮከቡን መፍታት ጀመረች። አንዷ ክር ስትበጠስ ጎረቤቷም ላላች። በላይነሽን ያየች ሌላ ሴት «የኔንም» አለች። ሦስተኛዋም ቀጠለች። ሁለት ሴቶች አንዷን አበባማ ቁራጭ «የኔ ናት፣ የኔ ናት» ተባባሉባት። የስንት ወር ሥራ ዓይናችን እያየ ሊፈርስ ነው።

በላይነሽ ተንበርክካ የቀረውን የልጇን ጨርቅ ስትፈልግ ቆየችና ድንገት እጇ ቆመ። ነጭና ሰማያዊ መስመር ያላት ቁራጭ ላይ።

«ይቺ የግርማ ሸሚዝ ናት» አለች። ወደ ባሏም ቀና ብላ «ገመድ ላይ ተሰቅሎ ጠፋ ያልከኝ» አለችው።

አቶ ግርማ ሳል ያዘው። በላይነሽ ወደ ከድጃ ዞረች።

«ማነው የሰጠሽ?»

ሴቶቹ ሁሉ እርስ በርስ ተያየን። ማናት? ሸሚዙ ማን ቤት ቀርቶ ነው?

«ነፋስ ነው ያመጣው» አለች ከድጃ። «አጥሬ እሾህ ላይ ተቀዶ አገኘሁት።»

ማን ያምናታል? ማንም። በላይነሽ ተነሥታ ወደ ቤቷ አቀናች። አቶ ግርማ ራቅ ብሎ ተከተላት። ያቺ አበባማ ቁራጭ ላይ ሲጣሉ የነበሩት ሁለቱ ሴቶች ባንዴ ለቀቋት። «የኔስ እዚያው ትሁን፣ ያምራል» አለች አንዷ። «የኔም ትቀመጥ» አለች ሌላዋ። ከዚያ በኋላ ይፈታልኝ ያለ ሰው የለም።

በማግሥቱ ሻይ ቤቱ መቀመጫ ጠፋበት። ሴቱም ወንዱም «ከድጃ፣ እንዴት አደርሽ?» እያለ ይገባል። ሁሉም ከልቡ ይጠይቃል፤ ሌላ ምን ታውቅ ይሆን እያለ። የበላይነሽ ልጅም ኪኒን ወስዳ ዳነች። ከድጃ ኮከቡን መልሳ ሰፋች፤ እርሻው ድረስ ይዛው ሄዳ ብዙ ሥራ ተቀበለች፤ በኋላ የስፌት መኪና ገዛች። አቶ ግርማ ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ የሚገባ ባል ሆነ። ሰው በመልካም ሥራው ይከበራል ይላሉ። ከድጃ የተከበረችው ግን ባልተናገረችው ነው።

ከዓመታት በኋላ ባለቤቴ ወደ ድሬዳዋ ተዛወረ። ልሰናበታት ስሄድ ጠየቅኳት።

«እንግዲህ ሄጃለሁ። የግርማን ሸሚዝ ማን ሰጠሽ?»

ከድጃ እስክታለቅስ ሳቀች። «እትዬ አስካለ፣ ነፋስ ነው አልኩ እኮ። አንድም ሰው እውነቴን አላመነኝም፤ ባያምኑኝ ነው የኖርኩት።»

ባቡሩ ውስጥ ነገሩን ለባለቤቴ አጫወትኩት። ምስኪኑ ግርማ ይሄን ሁሉ ዓመት ባልሠራው ኃጢአት ሲሳቀቅ ኖረ፣ አይገርምም? አልኩት። አብሮኝ ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። በመስኮቱ ግራር ግራሩን ሲያይ ቆየና ፊቱን ሳይመልስ፦

«ሌላስ ምን ነገረችሽ?» አለኝ።