ሊቀ አቋራጭ እና ባለ ቀስቱ ሣጥን

በየትኛውም መሥሪያ ቤት ሥራ ላለመሥራት ሲል ከሠራተኛው ሁሉ በላይ የሚለፋ አንድ ሰው አይጠፋም። የአምስት ደቂቃ ሥራ ስጡት፤ ሦስት ሳምንት ያስብበታል። በሦስተኛው ሳምንት ፀጉሩ ተንጨባሮ፣ ዓይኑ ቀልቶ ይመጣና «በቃ! ከእንግዲህ ይህን ነገር ማንም በእጁ አይሠራውም» ይላችኋል። ነገርዬው በዓመት አንዴ ብቻ የሚሠራ መሆኑን ብታስታውሱት ቅር ይለዋል።

የእኛው ሰው የመጣው ኮምፒውተር ጠጋኝ ሆኖ ነበር። ያኔ የመነጽር ሌንስ እየሞረድን ለዓይን ሐኪሞች የምንልክ አነስተኛ ድርጅት ነበርን። ደመወዙን ድርጅቱ ሰጠው፤ ማዕረጉን እኛ። ሊቀ አቋራጭ አልነው፤ እሱም ሳያንገራግር ተቀበለ።

ክቡር ሊቀ አቋራጭ ከወንበራቸው ሳይነሡ መስኮት የሚከፍቱበት ገመድ ዘርግተው ነበር። ገመዱ የሚያልፈው በበሩ በኩል ስለሆነ ሁለት ወር ሙሉ ጎንበስ እያልን ገባን፣ ጎንበስ እያልን ወጣን። አንድ ጎብኚ አይቶን «እንዴት ያለ ትሑት ሠራተኛ ነው!» እያለ ሄደ። እናቱ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ መልእክት ስለሚልኩለት ደግሞ መልሱን ስልኩ ራሱ እንዲሰጥ አደረገው፦ «ደህና ነኝ እማዬ፣ በልቻለሁ።» አንድ ቀን እናቲቱ «ከቢሮህ በር ላይ ቆሜያለሁ፣ ውጣልኝ» ብለው ቢጽፉ «ደህና ነኝ እማዬ፣ በልቻለሁ» አላቸው። ገብተው ያሉትን እዚህ አልጽፈውም። እሱ ግን አልተማረም። «ሁለቴ የሠራሁትን ሥራ፣ ሦስተኛውን ራሱ ይወቅበት!» ማለት ልማዱ ነበር።

ከእኔ ጠረጴዛ ጎን ሁላችንም እትዬ የምንላቸው አንጋፋ ሠራተኛ ይቀመጡ ነበር። ሐኪሞቹ የሚልኩትን ዝርዝር እያዩ ትእዛዙን ኮምፒውተር ላይ የሚሞሉት እሳቸው ናቸው። ፕሮግራሙ አሮጌ ነው። ለአንድ ሰው ሁለት ዓይን፣ ለአንድ ዓይን ሦስት የቁጥር ሣጥን አለው፤ በእያንዳንዱ ሣጥን ቀኝ ጎን ደግሞ የሰሊጥ ፍሬ የሚያካክሉ ሁለት ቀስቶች፣ አንዷ ወደ ላይ፣ አንዷ ወደ ታች። ቀስቷን አንዴ ጠቅ ሲያደርጓት የሌንሱ ኃይል በሩብ ይጨምራል፤ ሌንሱ ምን ያህል ዞሮ እንደሚገጠም የሚጻፍበት የማዕዘን ሣጥን ግን አንድ አንድ እያለ እስከ መቶ ሰማንያ ይቆጥራል። ሃያ ዓመት ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። በመጨረሻ የእትዬ ቀኝ አንጓ አብጦ በፋሻ ተጠቀለለ።

«እትዬ፣» አሏቸው ሥራ አስኪያጁ አንድ ጠዋት፣ ድምፃቸውን አለስልሰው፤ «ትእዛዙ በቀን ሰማንያ ደርሷል። እስከ ወሩ መጨረሻ እንይና እጅዎ ካልቻለ... ማረፍ ይሻልዎታል።»

ማረፍ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም ገባን። ጡረታቸው ሊደርስ አራት ዓመት ቀርቶት ነበር። እትዬ ፋሻውን ጠበቅ አድርገው ወደ ሣጥናቸው ተመለሱ።

ሊቀ አቋራጭ ወንበሩን እየጎተተ መጣ። «እትዬ፣ ይሄን ለኔ ይተዉት። ዝርዝሩን አንብቦ ሣጥኑን ራሱ የሚሞላ ትንሽ ፕሮግራም እጽፍልዎታለሁ።» ትንሽ አያቸውና «ቆይ፣ መቶ ሰባ አምስት ለማስገባት ለምንድን ነው መቶ ሰባ አራት የጻፉት?» አለ።

«እኔ እንጃ ልጄ። አንድ አሳንሼ እጽፍና የመጨረሻዋን በቀስቱ እሞላታለሁ። ይሄ ሣጥን ሲጽፉበት ሰምቶ እንዳልሰማ ነው፤ ቀስቱን ነካ ሲያደርጉት ነው የሚነቃው።»

«ልማድ ነው እትዬ! ማሽን ኩርፊያ አያውቅም።»

«ይሁና» አሉ እትዬ።

በአምስተኛው ቀን ሁላችንን ሰበሰበን። ቁልፍ ሲነካ ሣጥኖቹ እንደ ተማረከ ሠራዊት እየተሰለፉ ተሞሉ፤ ሰማንያው ትእዛዝ በአራት ደቂቃ! ቁጥሩ ሁሉ ስክሪኑ ላይ ልክ ነበር። አጨበጨብን። ሥራ አስኪያጁ ሳይቀሩ አጨበጨቡ። የእትዬን ወንበር አየት ሲያደርጉ ግን ጭብጨባዬ እጄ ላይ ቀረ።

ከምሳ በኋላ ሌንስ ሞራጁ የታተመውን ወረቀት እያውለበለበ ከታች መጣ። «ምንድን ነው የምሞርደው? የመስኮት መስታወት ነው እንዴ ያዘዛችሁኝ?»

እትዬ ወረቀቱን ተቀበሉት። ከላይ እስከ ታች ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ።

«አንተ ልጅ፣» አሉት፣ «ሐኪሞቹን እኮ ሥራ አስፈታሃቸው።»

«ምን ሆነ?»

«ሰማንያውንም ፈወስካቸው! መቶ ስድሳ ዓይን፣ አንድ በሽተኛ የለበት።»

ሣጥኑ ቁጥሩን ለዓይን አሳየ እንጂ አልመዘገበውም ነበር። ከሳቁ መሐል የሥራ አስኪያጁ ድምፅ መጣ፦ «ዓርብ ሁለታችሁንም አነጋግራችኋለሁ።»

ሊቀ አቋራጭ ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ከእትዬ ጎን አልተነሣም። ኮምፒውተሩን ሳይሆን እጃቸውን ነበር የሚያየው። መቼ እንደሚያሳንሱ፣ ቀስቱን ከነኩ በኋላ ምን ያህል እንደሚቆዩ ይጽፋል፤ ሲጠይቃቸው «እኔ አላውቀውም፣ የሚያውቀው እጄ ነው» ይሉታል። አዲሱም ፕሮግራም እንደ እሳቸው ሆነ፤ አንድ አሳንሶ ይጽፋል፣ የመጨረሻዋን በቀስቱ ይሞላል፣ ትንሽ ትንፋሽ ይወስዳል። ከእያንዳንዱ ትእዛዝ በኋላም ይቆምና «ልክ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እትዬ አይተው በግራ እጃቸው አንዲት ቁልፍ ይነካሉ። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ አርፏል።

ዓርብ ሥራ አስኪያጁ መጥተው ሰማንያውን አንድ በአንድ ከዝርዝሩ ጋር አመሳከሩ። አንድ ስሕተት አላገኙም።

«መልካም» አሉ። «እንግዲህ ማሽኑ ከቻለ ሰው ምን ያደርግለታል?»

«ያለ እሳቸው አይሠራም» አለ ሊቀ አቋራጭ። «በየትእዛዙ ይቆማል። ጠባዩን የሚያውቅ ሰው አይቶ ካልፈቀደለት ንቅንቅ አይልም። ባለፈው የሆነውን እርስዎም አይተዋል።»

«መቆሙን ማስቀረት አይቻልም?»

«አይቻልም።»

ይህ ቃል ከእሱ አፍ ሲወጣ የሰማሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ሄዱ። እትዬም አራቱን ዓመት በግራ እጃቸው ሠርተው በክብር ጡረታ ወጡ።

ሊቀ አቋራጭ ከዚያ ቀደም ብሎ ወደ ሌላ ድርጅት ሄዷል፤ እዚያም ስንት ሰው ጎንበስ እያስባለ እንደሚያስገባ ፈጣሪ ይወቀው። አሁን በእትዬ ወንበር ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። የፕሮግራም አጻጻፍ ትንሽ ትንሽ ስለማውቅ ባለፈው ሰሞን ፕሮግራሙን ከፍቼ አነበብኩት። የሚቆምበት ቦታ ላይ፣ ለሚያነብ ሰው ብቻ የተተወች አንዲት ማስታወሻ አለች፦ «ይህ መስመር ለሥራው አያስፈልግም። አትንኩት።»

ዕድሜውን አንዲት ጠቅታ ለማስቀረት የለፋ ሰው በቀን ሰማንያ አላስፈላጊ ጠቅታ በገዛ እጁ ጨምሮ ሄዷል። እኔም በየቀኑ ሰማንያ ጊዜ «ልክ ነው?» እባላለሁ፤ ሰማንያ ጊዜም ቁልፏን እነካለሁ። መስመሩን ማጥፋት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እስካሁን ጊዜ አላገኘሁም።