የቪላ ማኅበር

ፎቅ ቤት ስትገቡ ጎረቤታችሁን መጀመሪያ የምታውቁት በጫማው ነው። እኛ ገላን ኮንዶሚኒየም እንደገባን ከበላያችን የምትኖረውን ሴት በሸበጧ ለየናት። ሸበጡ ወደ ማድ ቤት ሲሄድ እናቴ ወደ ኮርኒሱ ቀና ትልና፣ "ወጥ ልትጥድ ነው" ትላለች። ትክክል ትሁን አትሁን አላውቅም። ወጥታ አልጠየቀቻትማ!

እናቴ እንዲህ አልነበረችም። ሳሪስ አቦ ሳለን ጎረቤት ሲያስነጥስ ከዚህ ሆና በግድግዳው "ይማርህ" የምትል ሴት ነበረች። ሰፈሩ ሲፈርስ ዕጣው አንዱን የካ፣ አንዱን ጀሞ፣ እኛን ገላን ወረወረ። እሷም መስኮቱ አጠገብ ወንበሯን አስጠግታ ዝም አለች። ምን ላድርግ? ሰው ከየት ላምጣላት?

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ነጠላዋን አጣፍታ ልትወጣ ስትል ደረስኩ።

"የቪላ ማኅበር ምዝገባ ተጀምሯል" አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ሴቶች ከተደራጁ ይሰጣል አሉ።"

"ማነው የሚሰጠው?"

"አንዲት ፈረንጅ። አንተ ደግሞ ካላጣራህ አታምንም!"

እውነቷን ነው፣ አጣራሁ። ፈረንጇ የፊንላንድ ሰው ናት፤ ባሏ እዚሁ አካባቢ መሐንዲስ ነው። ስሟ አይኖ ይባላል፣ ሴቶቹ ግን "ዓይኔ" ይሏታል። በጋራ መጠቀሚያው ቤት ሴቶችን ሰብስባ እንደ አገሯ እናቶች አውራ ጣቱ ብቻ የተለየ የሱፍ ጓንትና ካልሲ መሥራት ታስተምራለች። እኛ እንደምናውቀው በኪሮሽ አይደለም፤ በአምስት ቀጫጭን ዘንጎች ዙሪያውን እየዞሩ ነው።

መጀመሪያ ቀን የሱፍ ጥቅል አንስታ "ቪላ" አለች። በቋንቋቸው ሱፍ ቪላ ነው። የነበሩት ሴቶች ሳቁና ለቀልድ "የቪላ ማኅበር" ብለው ሰየሙት። ስሙ ደረጃ ወርዶ፣ ግቢ አቋርጦ እኛ ብሎክ ሲደርስ ግን ቀልዱ መንገድ ላይ ረግፎ ቪላው ብቻ ቀረ። ሌላ ትርጉም ይኖረው እንደሆነ አይኖን ደግሜ ጠየቅኋት። የለውም አለችኝ።

ለእናቴ መንገር ነበረብኝ። ግን እንዴት? ወሬ ጀምራለች እኮ! ማኅበሩ ላይ ያገኘቻት ባለ ሸበጧ ዘይነባ እንደምትባል፣ የወሎ ሰው እንደሆነች፣ ባሏ ከባድ መኪና እንደሚነዳ ነገረችኝ። ወደ ማድ ቤት የምትሄደውም ወጥ ልትጥድ አይደለም፤ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ስለሆነ ነው።

"ዘይነባ ጓንቱን አይታ ምን አለች መሰለህ?" አለችኝ እራት ላይ። "'አራቱ ጣት ባለ አንድ መኝታ ውስጥ ታጭቆ፣ አውራ ጣት ብቻውን ስቱዲዮ ደረሰው! ይኼ ዕጣ ተጭበርብሯል!'"

ጉርሻዋን ይዛ ሳቀች። ይኼን ሳቅ ከሳሪስ ወዲህ አልሰማሁትም። እውነቱን ነግሬያት ብትቀርስ? ወደ መስኮቷ ብትመለስስ? ዝም ብልስ፣ በሌለ ቤት ተስፋ ስታደርግ ማየት ማታለል አይደለም? ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ። በመጨረሻ ነገርኳት።

"እማዬ፣ ቪላ ማለት ሱፍ ነው።"

ዘንጎቹን አላቆመችም። "አውቃለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሁለተኛው ቀን። ዓይኔን ሳሎኑ ስንት በስንት ነው ብላት የካልሲ ቁጥር ነገረችኝ።"

"ታዲያ ለምን..."

"ቀስ በል! ዘይነባ ከላይ እንዳትሰማህ። ምስኪን፣ እሷ ቪላውን ብላ ነው የምትመጣው። ካወቀች ትቀርብኛለች። በል ማልልኝ።"

ማልኩ።

በማግስቱ እትዬ ዘይነባ ደረጃ ላይ አስቆመችኝ። ወደ ላይም ወደ ታችም አየች።

"አንተ የተማርክ ልጅ ነህ፤ ቪላ ሱፍ መሆኑን ሳትሰማ አትቀርም።"

"ሰምቻለሁ።"

"ወላሂ ለእናትህ ትንፍሽ እንዳትል! እሷ ቤቱን ብላ ነው የምትመጣው። ካወቀች በቃ፣ ነገ ትቀርብኛለች።"

ለእሷም ማልኩ። የቀሩትንም ሴቶች እየዞርኩ ማጣራት አማረኝ፤ ከዚያ ተውኩት።

ባለፈው እሑድ ሁለቱ እኛ ቤት ተቀምጠው፣ እጃቸው ካልሲ እየሠራ፣ ስለ ቪላው አጥር ቀለም ሲከራከሩ ደረስኩ። እናቴ ነጭ ትላለች፣ እትዬ ዘይነባ አረንጓዴ። ሊጣሉ ምንም አልቀራቸው። ዞር ብለው ፍረድ አሉኝ።

ጥቂት አሰብኩበትና፣ ነጭ ቶሎ ይቆሽሻል አልኩ።