ታሽጎ የከበረ ማር

በካርቱም የግንቦት ፀሐይ ከኒም ዛፍ ጥላ የበለጠ የሚጠቅም ነገር ካለ ንገሩኝ። ዋጋውስ ስንት ነው? ባዶ። ገበያ አውጥቶ የሚለውጠው የለማ! አገር ቤት ኢኮኖሚክስ ሳስተምር ለዚህ ነገር ሁለት ስም ነበረኝ፤ የመጠቀሚያ ዋጋና የመለወጫ ዋጋ። ተማሪዎቼ ያንቀላፉ ነበር፤ አልፈርድባቸውም። እኔም ነገሩ በደንብ የገባኝ ተሰድጄ ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ከገባሁ በኋላ፣ በአንድ ጀሪካን ማር የተነሳ ነው።

ማሩ የዘሀራ ነው። ዘሀራ ዐማራት የሚባለው የካርቱም ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት፤ እኛ ግቢ ከጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታለች። ደሴ ያሉት እናቷ በስተርጅና ንብ ማነብ ጀምረው፣ የመጀመሪያውን ቆረጣ “ልጄ ትቅመሰው” ብለው በመንገደኛ ላኩላት። እኛ የግቢው አዋቂዎች ግን ክዳኑን አላስነካናትም። የአገር ቤት ማር እኮ ካርቱም ውስጥ እስከታሸገ ድረስ የማይከፍተው በር የለም! የግቢው ባለቤት ሐጃ ኪራይ ልትጨምር ስላሰበች ለእሷ ይሰጥ ተባለ። ዋናው አማካሪ ማን ይመስላችኋል? የመለወጫ ዋጋው መምህር።

እናት በጎረቤት ስልክ “የምን አበባ ይላል?” ብለው ሲጠይቋት ዘሀራ “ኧረ ስኳር በይው እማዬ!” አለች። እናትየው “አልቀመስሽውም” አሉና ዘጉ። ልጅቷ ከደወለችበት ስልክ ቤት እያለቀሰች ወጣች፤ አንጀቴን በላችው።

ሐጃ በምትመጣበት ጁምዓ ዘሀራ ክዳኑን ፈልቅቃ ከፈተችው። “ያላ፣ ዳቦ አምጡ! ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ!”

ማሩ ምላስ ላይ ይጣፍጣል፤ ጉሮሮ ሲደርስ ግን መረር ይላል። “ግራዋ!” ብላ ዘሀራ ዘላ ተነሳች። የእናቷ ጓሮ በግራዋ የታጠረ ነው። ሐጃ ስትደርስ ጀሪካኑ ተጋምሷል። እሷም ቁጭ ብላ “ወላሂ ተማም!” ብላ እያደነቀች ጣቷን ላሰች፤ ልሳ ስትጨርስ ኪራዩን ጨመረች።

ዘሀራ ምን ቸገራት! ሁላችንንም አስከትላ ስልክ ቤት ገባች። “እማዬ፣ የጓሯችን ግራዋ ነው! ይመራል!” ብላ ስትጮህ ወረፋ የያዘው ሁሉ ዞረ። የእናትየው እልልታ ከስልኩ አልፎ እኛ ድረስ ተሰማ፤ እኛም ተቀበልናቸው። ኪራይ የተጨመረባቸው ተከራዮች እልል ሲሉ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከነሱ ጋር ነበርኩ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝም አያውቅ።

“ሌላ ልትልክልኝ ነው” አለችን ስልኩን ዘግታ።

መምህርነት ክፉ አመል ነው። ሁለተኛው ለማን ቢሰጥ እንደሚያዋጣ ማሰላሰል ጀምሬ ነበር። ዘሀራ ፊቴን አየችና ሳቀች።

“ጋሼ፣ ማንኪያ ይዘው ይምጡ።”