ዐሥር ሺህ አንድ አይካፈልም ያሉት መምህር

ራሳቸው ደክሟቸው የተዉትን ነገር ሁሉ «አይቻልም» ብለው የሚደመድሙ ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔን ያጋጠሙኝ የሂሳብ መምህሬ ናቸው። ልጅ ሳለሁ፣ እዚሁ ወረታ፣ ሰሌዳው ላይ ዐሥር ሺህ አንድ ብለው ጻፉና «ይህ ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም» አሉ።

«ሁሉንም ሞክረውታል?» ብዬ ጠየቅሁ። ለዚህች ጥያቄ ከክፍል አስወጡኝ፤ ስሜም «አፈኛዋ» ሆኖ ቀረ።

ጡረታ ከወጡም በኋላ በየማኅበሩ ያንኑ ቁጥር ሲያሞግሱ እሰማ ነበር። ቁጥር እንደ ደጃዝማች ይሞገሳል እንዴ?

እኔም የፎገራ ሜዳ ውሃ በሚተኛበት ክረምት በሬን ዘግቼ ዐሥር ሺህ አንድ የሩዝ ፍሬ ቆጠርሁ። ሰሌን ላይ በሦስት መስመር ደረደርሁት፤ ተረፈ። በሰባትም ተረፈ። አልተውሁትም። በሦስተኛው ክረምት በሰባ ሦስት መስመር ስደረድረው እያንዳንዱ መስመር መቶ ሠላሳ ሰባት ፍሬ ያዘ፤ አንድም አልተረፈም።

መምህሩን ቤቴ አስጠራኋቸው። ሰሌኑ ላይ ጎንበስ ብለው ሁለት ጊዜ ቆጠሩ።

«እስከ ሰባ ድረስ እኮ ሞክሬው ነበር፤ ከዚያ ደከመኝ» አሉ።

«እኔን ለማስወጣት ግን አልደከመዎትም።»

«አንቺ ልጅ፣ ልክ ነበርሽ» አሉ በመጨረሻ።

ሩዙን ጠራርጌ ወደ ከረጢቱ መለስሁት። ተቀቅሎ ይቀርብልኛል ብለው ሳይጠብቁ አልቀሩም።