ልዩነት የማይወድ ባለሙያ

የሚለያይ መልስ የሚያስደነግጠው ባለሙያ ገጥሟችሁ ያውቃል? አለቃዬ እንዲያ ነው። ለማዳበሪያ ድልድል የመሬት ጥናት ስንሠራ ቀበሌውን በዕጣ፣ ቤቱንም በዕጣ መረጥን። አማኑኤል ከተማ አጠገብ ዕጣ የወጣለት ቀበሌ ስደርስ ግን ከእግሬ ሆዴ የሚቀድመኝ እኔ ጭቃውን ፈርቼ ዕጣ የወጣላቸውን ዐሥሩንም ቤተሰብ አንድ ዛፍ ሥር ሰብስቤ ስንት ጥማድ መሬት እንዳላቸው ጠየቅሁ። የመጀመሪያው ሰውዬ «አራት ጥማድ» አለ። ስምንቱ ሰምተው አራት አራት አሉ። እማማ የኔነሽ ብቻ «ግማሽ ጥማድ» አሉ።

ዝርዝሩን ሳሳየው አለቃዬ ፊቱ በራ። «እንዲህ የተስማማ መረጃ አይቼ አላውቅም። ይቺ ግማሽ ስህተት ናት፣ አውጣት።»

አወጣኋት፤ እንጀራዬ ነዋ።

ማዳበሪያው በዚያው ዝርዝር ታደለ። እማማ መጥተው «የእኔስ?» አሉኝ።

«በአማካይ ለሁሉም ቤት ደርሷል፣ እማማ።»

«አማካዩ የት ነው የሚታደለው ልጄ? አህያዬን ይዤ ልሂድ።»