ሊቀ ትርጓሜ ቢሻውና የተዘጋው በር

ፊልም በሚታይበት ቤት ሁሉ ከፊልሙ በላይ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ተዋናዩ አፉን ሳይከፍት መልሱን ይሰጣል፤ ሟቹ ሳይሞት ለቅሶ ይቀመጣል። የአርብ ገበያው ሊቀ ትርጓሜ ቢሻው ናቸው። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ እንጂ ሙያቸው ልብስ ስፌት ነው።

በልጅነታቸው ድጓ ሊማሩ ከቤተ ልሔም የዜማ ትምህርት ቤት ገብተው ነበር። ዜማው አልያዝላቸው ብሎ በሁለተኛው ክረምት ወጡ። መምህራን አንዱን ቃል በብዙ መንገድ ሲፈቱ የሚሏትን «አንድም» ግን ይዘዋት ወጡ፤ እስከ ዛሬ አልጣሏትም።

አርብ ዕለት አቶ ሰዲቅ ከጁምዓ ሲመለሱ የቪዲዮ ቤታቸውን ይከፍታሉ፤ ገበያተኛውም አህያውን ከደጅ አስሮ ይገባል። ሰሞኑን የሚታየው አሜሪካ ውስጥ በአንድ የጥቁሮች ሰፈር ስለሚኖሩ ሰዎች የተሠራ ተከታታይ ፊልም ነው። ፀጉር ቤት ተሰብስበው የሚከራከሩ ወንዶች፣ ደረጃ ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን የሚመረምሩ እናቶች፣ ለእሑድ ባርኔጣ የሚያማርጡ አሮጊቶች አሉበት። ሊቀ ትርጓሜ ከቴሌቪዥኑ ጎን ካለችው ወንበር ይሰየማሉ።

«ይች ባለ ባርኔጣ ዘሯ ከስማዳ ነው» ይላሉ።

«በምን አወቁ?» ትላለች ሽንኩርት ነጋዴዋ ብርቄ።

«አነጋገሯን አትሰሚም? እየሰደበች ትመርቃለች።»

ተዋናዩ «የስ» ካለ የሳቸው ፍቺ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ሩብ ሰዓት ከተናገረ ደግሞ «እምቢ አለ» ብለው ያልፋሉ። እኔ በድሮው መጽሐፍ እንግሊዝኛ የተማርሁ ነኝና ግማሹ ከፊልሙ እንደሌለ አውቃለሁ። ዝም እላለሁ።

በፊልሙ የአንዷ እናት ልጅ የሌላዋን ልጅ ገድሎ ታስሯል። እናቶቹ ጎረቤታሞች ናቸው፤ አይነጋገሩም። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ያለ ሽማግሌ አያልቅምና ገበያተኛው ሽማግሌ ሲጠብቅ ሰነበተ። ሊቀ ትርጓሜም ፀጉር ቆራጩን ሽማግሌ አድርገው ሾሙት፤ እርቁንም ቀጠሩ። «በመጨረሻው ክፍል ካልታረቁ ከዚህች ወንበር ሁለተኛ አልቀመጥም» ብለው በሰው ፊት ተናገሩ።

ባለፈው አርብ የመጨረሻው ክፍል ደረሰ። የአቶ ሰዲቅ ልጅ ሀናን ከዩኒቨርሲቲ መጥታ ነበርና ከሥሩ የአማርኛ ጽሑፍ ያለበትን አመጣች።

«ዛሬ ጋሼ ቢሻውም ይረፉ፤ ማንበብ ነው» አለች። በቅንነት ነው።

የገዳይ እናት በሩን አንኳኳች። የሟች እናት ከፈተችና አየቻት። ከሥር «ከደጄ ሂጂልኝ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። በሩ ተዘጋ። ፊልሙ አለቀ።

ማንም አልተነሣም፤ ከሊቀ ትርጓሜ በቀር። ኮፍያቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው ወንበሯን በእጃቸው ወደ ግድግዳው ገፋ አደረጓት።

«ጋሼ ቢሻው፣ ወዴት ነው?» አለች ብርቄ።

«ጽሑፉን አላየሽም? ሂጂ አለቻት እኮ።»

«እሱንማ ያነበበውም ያላነበበውም አየ። አንድምታውስ?»

ኮፍያቸውን እያሽከረከሩ ቆዩ።

«አንድም…» አሉ ቀስ ብለው። «በመጀመሪያው ቀን የታረቀ ደመኛ የት አገር አለ? ሽማግሌ እንኳ ሦስት ጊዜ ይመለሳል።»

«እውነት ነው» አሉ አንድ ገበሬ ከኋላ።

«አንድም፣ በሩን ዘጋችው እንጂ አልቆለፈችውም።»

ቤቱ ተነፈሰ። ብርቄ ተነሥታ ወንበሯን ወደ ቦታዋ መለሰች። ሰዉም እርቁን እየተነጋገረ አህያውን ሊፈታ ወጣ።

ዕድሜ ዓይኔን ቢያደክመውም ጆሮዬን ገና አልነካውም። በሩ ከተዘጋ በኋላ ቁልፉ ቀጭ ሲል ጥርት አድርጌ ሰምቻለሁ። ሀናንም ሰምታ ኖሮ ጠጋ አለችኝ።

«እርስዎ ቁልፉን ሰሙት አይደል?» አለች በሹክሹክታ።

«የምኑን ቁልፍ ልጄ?» አልኋት።